ሐዲዱን የሳተ ሲኒማ

በሲኒማና በቴሌቪዥን ሥራዎች ውስጥ ባቡር ያለ ቦታውና ያለ ዘመኑ ሲነዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የተፈጸመ ታሪክ በሚተረክበት ፊልም ውስጥ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሠራ ባቡር ብቅ ይላል። ከጣቢያው ስድስት ፉርጎ ጎትቶ የተነሣው ባቡር ድልድዩ ላይ ሲደርስ አራት ብቻ ይዞ ይገኛል። በናፍጣ የሚሄደው እንደ እንፋሎት ባቡር ያፏጫል። ይህን ያስተዋለ ተመልካች ቅሬታውን ሲያሰማ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፊልም እንጂ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት መዝገብ አይደለም፤ ደግሞስ ይህን ማን ልብ ይለዋል?» ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚህ መልስ ጋር ነው።

«ማን ልብ ይለዋል» ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ተመልካቹን መናቅ ነው። ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ የተቆረቆረው ሐዲድ ስለ ደረሰ ነው። አባት ለልጅ የባቡር ሙያ ያወረሰበት፣ የፊሽካውን ድምፅ ሰምቶ ሰዓቱን የሚያውቅ ሕዝብ የኖረበት ከተማ ነው። ለመሆኑ ይህ ሕዝብ ተመልካች አይደለምን?

ዳሩ ግን ክርክሩን ወደ ማይረባ ጭቅጭቅ ማውረድም አይገባም። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለውን ስፋት በሚሊሜትር እየለካ ፊልም የሚያወግዝ ሰው ጥበብን አልተረዳም። «ዶክተር ዢቫጎ» የተባለው የ1965 እ.ኤ.አ. ፊልም የሩሲያን ታሪክ የሚተርክ ሲሆን በአብዛኛው የተቀረፀው በስፔን ነው። መጽሐፉ በሶቪየት ኅብረት ታግዶ ስለነበር ፊልም አንሺዎቹ ወደዚያ መግባት አይችሉም ነበር። በዚያን ጊዜ የሩሲያ ሐዲድ ስፋት 1524 ሚሊሜትር፣ የስፔኑ ደግሞ 1668 ሚሊሜትር እንደነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን በፉርጎው ውስጥ ታፍኖ የሚጓዘውን ስደተኛ የሚያይ ሰው ይህን አይለካም፤ መለካትም የለበትም። ቸግሮት የተካ ሠሪ አልዋሸም። «ፍሮም ራሽያ ዊዝ ላቭ» በተሰኘው የ1963ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም የኢስታንቡሉ የሲርኬጂ ጣቢያ ኢስታንቡልንም፣ ቤልግሬድንም፣ ዛግሬብንም ሆኖ መቅረቡ ሳቅ ያጭር እንደሆነ እንጂ ማንንም አይበድልም።

በደሉ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ የሚታይ ባቡር ቀን የተጻፈበት ሰነድ ነው፤ ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ሞተበት፣ መቼ እንደ ደረሰ ይናገራል። ይህ ሰነድ ሲዛባ የሚሰረዘው የብረት ቁራጭ ሳይሆን የሰው ታሪክ ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነን «ዘ ጎስት ኤንድ ዘ ዳርክነስ» የተባለው የ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊልም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1898 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያዘረጉት የነበረው የኡጋንዳ ምድር ባቡር የጻቮን ወንዝ የሚሻገርበት ድልድይ ሲሠራ ነው። ሁለት አንበሶች የሐዲዱን ሠራተኞች ይበሉ እንደነበር እውነት ነው። ፊልሙ የተቀረፀው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ይህን አልነቅፍም። የጻቮ አንበሶች ጎፈር አልነበራቸውም፤ ዛሬም ቆዳቸው ተሞልቶ በቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ቆመዋል፤ የፊልሙ አንበሶች ግን ባለ ጎፈር ናቸው። ይህም ይታለፍ። የማይታለፈው ሐዲዱ ነው። ለዚያ መስመር ሥራ ከህንድ 32,000 ያህል ሠራተኞች ተጓጉዘዋል፤ ከእነዚህም 2,500 ያህሉ በሥራው ላይ ሞተዋል። የድልድዩ መሐንዲስ ፓተርሰን አንበሶቹ በሉት ያለው ከፍተኛው የሰው ቁጥር 135 ሲሆን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሳይንሳዊ ጥናት ደግሞ ወደ 35 ዝቅ አድርጎታል። ከፍተኛውን ብንወስድ እንኳ አብዛኛውን ሕይወት የቀጠፈው አንበሳ አይደለም። ፊልሙ ግን ሐዲዱን ለአደን ታሪክ ማስጌጫ አደረገው፤ በታሪክ ያልነበረ አሜሪካዊ አዳኝም ፈጥሮ ጨመረ። ሠራተኞቹ በምስሉ ውስጥ አሉ፤ ሥራቸው የለም። አንበሳው ፊልም አገኘ፤ ሐዲዱን አንጥፎ የሞተው ሰው ግን የአንበሳው ምሳ ሆኖ ብቻ ቀረ።

የሩቁን ሰው ስሕተት መልቀም ቀላል ነው። የእኛው የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ያለፈውን ዘመናችንን በምስል ለማቅረብ በሚነሡበት ጊዜ ምን ይጠብቃቸዋል? ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መስመር ለማሠራት ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ በለገሃር የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ግን የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሲገባ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራና እልልታው በዚያ ሕንፃ ደጃፍ ቢቀልጥ፣ ተማሪው ያልነበረ ነገር ተማረ ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመርም ለዚያ ዘመን ምትክ ሊሆን አይችልም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሐዲዱ ከአሮጌው በ435 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ የአዲስ አበባ ጣቢያውም ከለገሃር ርቆ ፉሪ ለቡ ላይ ያለ ነው። (ከላይ የተዘረጋውን ሽቦ በኮምፒዩተር ማጥፋት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ጣቢያውንስ?)

ከሁሉ የከበደው ግን በጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጉዳይ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ካለው፣ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ከሠራው የድንጋይ አንበሳ ጋር እንዳይምታታ። የጣቢያው አንበሳ የቆመው በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ሐውልቱ በቦታው ነበር። ከዚያ በኋላ የፋሺስት ጦር ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው፤ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የዶጋሊ መታሰቢያ በተባለው ሐውልት ላይም ተከለው። የዘርዓይ ደረስ ስም የሚነሣው ከዚሁ አንበሳ ጋር ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አሁን አንድ ድራማ በ1935 ዓ.ም. ከባቡር የሚወርድ ተጓዥ ያሳየናል እንበል። ከበስተኋላው አንበሳው ቆሟል። ካሜራው የያዘው ቅንጣት ስሕተት ሊመስል ይችላል፤ ለተመልካቹ የተነገረው ግን ዘረፋው አልተፈጸመም የሚል ነው። ጠላት ከመሠረቱ የነቀለውን እኛ በነጻ መልሰን ተከልንለት። ይህን «ማን ልብ ይለዋል» ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ካለ በአደባባይ ይሟገት።

የገንዘብ እጥረት ነው የሚለው ምክንያት እውነትነት አለው፤ በቂ ግን አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን «ኤ ውማን ኦቭ ፓሪስ» የተባለውን ፊልም በ1923 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ታሪኩ የሚፈጸመው በፈረንሳይ፣ ስቱዲዮው የሚገኘው በካሊፎርኒያ ነበር። የአሜሪካ ባቡር ደግሞ የፈረንሳይን ባቡር አይመስልም። ቻፕሊን የአሜሪካውን ባቡር አምጥቶ የፈረንሳይ ነው አላለም። በጣቢያው ላይ የቆመችውን ሴት ብቻ አሳየ፤ ባቡሩ ሲገባ የመስኮቶቹ ብርሃን በፊቷ ላይ እየተፈራረቀ ያልፋል። አንድም ፉርጎ አልታየም፤ ተመልካቹ ግን ባቡሩን አየ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ሌላው ነገር ጥያቄ መጠየቅ ነው። በድሬዳዋው አሮጌ ጣቢያና ወርክሾፕ ውስጥ የቀድሞው መስመር ባቡሮችና ፉርጎዎች ቆመዋል። ከእንፋሎቱ ዘመን ሰዎች ሙያውን የተማሩ ጡረተኞችም በከተማው አሉ። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ዳገቱን የሚወጣ የእንፋሎት ባቡር ትንፋሹ እንዴት እንደሚከብድና ጭሱ እንዴት እንደሚጠቁር፣ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ እንጂ ጭሱ እንደማይሰማ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። እንፋሎቱ በመስመራችን ላይ ለናፍጣ ቦታውን የለቀቀው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ይህን ከመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች አፍ የሰማ ሰው ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። የፊልም ጽሑፍ ተጠናቆ ተዋንያን ከመመረጣቸው በፊት ለአንድ ሳምንት ወደዚያ የሚላክ ረዳት አዘጋጅ የቲኬቱና የአልጋው ወጪ ከአንድ ቀን ቀረፃ ወጪ አይበልጥም።