ደመወዝ በግልጽ፣ ካፒታል በስውር

በአሜሪካ የወዝ አደሩ ደመወዝ ገና እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቀነሳል፤ አሠሪውም የከፈለውን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስታውቃል። የካፒታል ባለቤት ግን ሀብቱን ድንበር አሻግሮ የመሰወር ዕድል አለው። ዛሬ በውጭ አገር ባሉ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ ድርጅቶች ዙሪያ የተነሣው ጥያቄ ከዚሁ መሠረታዊ ቅራኔ የመነጨ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ዜጋው የትም ቢኖር፣ ገቢውን ከየትም ቢያገኝ ግብር ይከፍላል ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ድንጋጌ በስዊስ ባንኮች ምስጢር ፊት ለብዙ ዘመን አቅም አጥቶ ኖሯል። ዩቢኤስ የተባለው ግዙፍ ባንክ አሜሪካውያን ከበርቴዎች ግብር እንዲሸሽጉ መርዳቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2009 780 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። በ2010 ፋትካ የተባለው ሕግ ወጣ። የአሜሪካውያንን ሒሳብ የማያስታውቅ የውጭ የገንዘብ ተቋም ከአሜሪካ ምንጭ ከሚደርሰው ክፍያ 30 ከመቶ እንዲቀነስበት ተደነገገ።

ሕጉ ሲወጣ ግን የታሰበው ባንክ እንጂ ክሪፕቶ አልነበረም። ካፒታልም አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላውን መክፈት ባሕርዩ ነው። በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት፣ ክሪፕቶ ብቻ የያዘ የውጭ ሒሳብ በዓመታዊው የውጭ ሒሳብ መግለጫ ለጊዜው እንደማይካተት አስታወቀ። በ2024 የወጣው ደንብም የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከ2025 ጀምሮ የደንበኞቻቸውን ሽያጭ እንዲያስታውቁ ሲያዝ፣ የውጭዎቹን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አሳደረው።

ውጤቱን እንመልከት። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጥሮ ግሮ በአዲስ አበባ ባንክ ያጠራቀመው ከ10,000 ዶላር ካለፈ በየዓመቱ ማስታወቅ ግዴታው ነው። በውጭ ድርጅት ሚሊዮኖችን በክሪፕቶ ያኖረው ግን፣ ከትርፉ ግብር የመክፈል ግዴታው ባይቀርም፣ በዚያ ማስታወቂያ መሠረት ይህን መግለጫ ከመስጠት ነጻ ሆነ። ሕጉ በማን ላይ እንደሚጠብቅና ለማን እንደሚላላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከዚህም በላይ፣ ከሌሎች መረጃ አጥብቃ የምትጠይቀው ዋሽንግተን፣ አገሮች የሒሳብ መረጃ እርስ በርስ እንዲለዋወጡ በ2014 ከወጣው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውጭ ሆናለች። ክሪፕቶን የሚመለከት ተመሳሳይ ሥርዓት በ2022 በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የወጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልውውጥ በ2027 እንዲጀመር ታቅዷል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ድንበር የማያግደውን ካፒታል አንድ አገር ብቻውን ሊይዘው አይችልም። እንግዲህ የማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ማንኛውንም የግብር ሕግ ልንመዝንበት የሚገባን ጥያቄ አንድ ነው፦ የከበርቴው ሀብት እንደ ሠራተኛው ደመወዝ በግልጽ ይታያልን? መልሱ አዎንታዊ እስኪሆን ድረስ የመንገዱና የትምህርት ቤቱ ወጪ በላብ አደሩ ጫንቃ ላይ እንደከበደ ይኖራል።