ጸሐፊው ኮሮሌንኮ

ቭላዲሚር ኮሮሌንኮ የሚባል የመስኮብ ጸሐፊ ነበረ። የተወለደውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ዓ.ም. ዢቶሚር በምትባል ከተማ ነው። ይህች ከተማ በዚያ ዘመን በመስኮብ ንጉሥ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ግን የዩክሬን ናት። አባቱ ዳኛ ነበረ። በዚያ ጊዜ ብዙዎች ዳኞች መማለጃ ይበሉ ነበር፤ የኮሮሌንኮ አባት ግን አይበላም ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ድኻ መበለት ከታላቅ ሰው ጋራ ተሟግታ ረታችና ወደ ዳኛው ቤት ስጦታ ሰደደች። ዳኛውም ተቈጥቶ «ሁሉን መልሱ» አለ። ነገር ግን በስጦታው መካከል አንዲት አሻንጉሊት ነበረችና ሴት ልጁ አቅፋ «አልለቅም» አለች። ዳኛው በዚህች ብቻ ተሸነፈ። በሞተም ጊዜ ለቤተ ሰቡ የተወው ገንዘብ አልነበረም።

ልጁ ቭላዲሚር በሞስኮ ሲማር ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ አቤቱታ ስለ አቀረበ በ1876 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ተጋዘም። በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ አሌክሳንድር ተገድሎ ልጁ ሣልሳዊ አሌክሳንድር ነገሠ። ግዞተኞችም ለአዲሱ ንጉሥ እንዲምሉ ታዘዙ። ኮሮሌንኮ ግን ሹማምንት ሕዝቡን ሲበድሉ አይቶ ነበርና አልምልም አለ። ስለዚህ በያኩቶች አገር ወደምትገኝ አምጋ ወደምትባል መንደር ሰደዱት። የዚያ አገር ብርድ እጅግ ጽኑ ነው። በዚያም እርሻ እያረሰ፥ ጫማም እየሰፋ ሦስት ዓመት ያህል ኖረ። ከግዞት ከተመለሰ በኋላ «የማካር ሕልም» የሚባለው ታሪኩ በ1885 ዓ.ም. ታትሞ ስሙ ታወቀ።

ብዙ ሰዎች ኮሮሌንኮን የሚያመሰግኑት አልምልም ስላለ ነው። ይህ በእውነት የጀግና ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ሥራ አለው፤ እርሱም ቁጭ ብሎ መስማትና የሰማውን ሳያጣምሙ መጻፍ ነው። ይህ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ቀላል አለመሆኑ ግን ከዚህ በታች ካለው ነገር ይታወቃል።

በ1892 ዓ.ም. ሙልታን በምትባል መንደር አጠገብ ራሱ የተቈረጠ የአንድ ለማኝ ሬሳ ተገኘ። በመንደሪቱ የሚኖሩት ኡድሙርት የሚባሉ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸውም ልማዳቸውም ከመስኮቦች የተለየ ነው። ስለዚህ ፖሊሶቹ ወንበዴ ገደለው አላሉም፤ «ኡድሙርቶች ለአማልክቶቻቸው ሠዉት» አሉ እንጂ። መንደርተኞቹንም እያስፈራሩ እንደ ፈቃዳቸው ያናግሩአቸው ጀመር። በ1894 ዓ.ም. 7 ገበሬዎች ተፈረደባቸው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ቢሽረው በ1895 ዓ.ም. ዬላቡጋ በምትባል ከተማ እንደ ገና ቀረቡ።

በዚህ ጊዜ ኮሮሌንኮ ወደ ችሎቱ ሄደ። ከሁለት የጋዜጣ ጸሐፊዎች ጋራ ተቀምጦ ዳኛው የጠየቀውን፥ ምስክሩም የመለሰውን ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ገበሬዎቹ ዳግመኛ ተፈረደባቸው። እርሱ ግን ወደ ቤቱ አልገባም፤ ወደ ሙልታን ሄዶ ቦታውን በዓይኑ አየ፥ ሥዕሉንም ሣለ። ከዚያም ያን የችሎት ቃል አሳተመው። አንባቢውም ማስረጃ የተባለው ነገር ሁሉ ወሬ ብቻ እንደ ሆነ ራሱ አየ። የጸሐፊው ቍጣ ቢሆን ኖሮ «ኮሮሌንኮ የራሱን ሐሳብ ይናገራል» ባሉት ነበር። የምስክሩን የገዛ ቃሉን ግን ማን ይክደዋል? ፍርዱም ዳግመኛ ተሻረ። በ1896 ዓ.ም. ማማዲሽ በምትባል ከተማ ሦስተኛው ፍርድ ተደረገ፤ ኮሮሌንኮም ራሱ ጠበቃ ሆኖ ተናገረ፥ 7ቱም ነፃ ወጡ። እርሱ በዚያ ሳለ ታናሽ ሴት ልጁ በቤቱ ሞተችበት። ከሐዘኑና ከድካሙ ብዛት የተነሣም እንቅልፍ አጥቶ ብዙ ጊዜ ታመመ።

አንዳንድ ሰዎች «ጸሐፊ ታሪክ መጻፍ ሲገባው ጊዜውን በሙግት አባከነ» ይላሉ። በእርግጥ ብዙ ታሪክ ሳይጽፍ ቀርቶ ይሆናል። ያልተጻፈ መጽሐፍ ያሳዝናል፤ ሆኖም ያለ በደሉ ወደ እስር ቤት የሚነዳ ገበሬ ይበልጥ ያሳዝናል። ደግሞም የኮሮሌንኮ ታሪኮች የሚያምሩት የድኻውን ነገር ቀርቦ ስለ ሰማ ነውና ሁለቱ ሥራዎች ፈጽመው የተለያዩ አይደሉም።

በ1892 ዓ.ም. ረኃብ በሆነ ጊዜ በየመንደሩ ለተራቡት ምግብ የሚሰጥባቸውን ቤቶች አቋቁሞ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ጎርኪ የሚባለው ጸሐፊ ለሊቃውንት ማኅበር ከተመረጠ በኋላ ምርጫው ስለ ተሻረበት፥ ኮሮሌንኮና ቼኾቭ የማኅበሩን ክብር መለሱ። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ቤይሊስ የሚባል አይሁዳዊ በኪዬቭ ከተማ በሐሰት በተከሰሰ ጊዜ፥ ኮሮሌንኮ ሸምግሎና ታሞ ሳለ ወደ ችሎቱ ሄዶ ስለዚሁ ነገር ለጋዜጣ ጻፈ። ቤይሊስም ነፃ ወጣ።

ከ1917 ዓ.ም. በኋላ የርስ በርስ ጦርነት ሆነ። ኮሮሌንኮ የሚኖርባትን የፖልታቫን ከተማ አንድ ጊዜ ቀዮቹ፥ አንድ ጊዜ ነጮቹ ይይዙአት ነበር። እርሱ ግን ወደ ሁለቱም እየሄደ ስለ ታሰሩትና ሊገደሉ ስለ ነበሩት ይለምን ነበር። ቀዮቹን ከነጮቹ ያስጥል የነበረው ሰው ነጮቹን ከቀዮቹ ያስጥል ነበር። በዚህም ከሁለቱ ወገን በአንዱ እንኳ ሊወደድ አልቻለም። በ1920 ዓ.ም. ሉናቻርስኪ ለሚባለው የአዲሱ መንግሥት ሹም፥ ያለ ፍርድ ሰው መግደል ነውር እንደ ሆነ ገልጦ 6 ደብዳቤዎች ጻፈለት። መልስ ግን አላገኘም። በ1921 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በፖልታቫ ሞተ። ደብዳቤዎቹ በ1922 ዓ.ም. በፓሪስ ታተሙ፤ በአገሩ ግን እስከ 1988 ዓ.ም. ድረስ አልታተሙም ነበር።