ስለ ኤል ኢ ዲ መብራትና ስለ ኃይል ማቅረቢያው አመራረጥ

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና አገሮች፥ በጎማ፥ በማና፥ በጌራና በሊሙ ኮሳ፥ እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ማታ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይገባል። የተለቀመው ቡና ሳያድር መፈልፈል ስለሚገባው፥ በመከር ወራት ብዙው ሥራ የሚሠራው ሌሊት ነው። እንግዲህ መብራት ለቡናው ጥራትና በመፈልፈያው መኪና አጠገብ ለሚቆመው ሠራተኛ እጅ ጠባቂ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም።

ጥቂት ኃይል ወስዶ ብዙ ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ ከጅማ ከተማ፥ ከሰቶ ሰመሮ ቤቶች አንሥቶ እስከ ገጠር ድረስ ገብቷል። ነገር ግን በጠፋ ጊዜ ሁሉ ወቀሳው የሚወርደው በመብራቱ ላይ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የሚመግበው የኃይል ማቅረቢያ ነው እንላለን።

ምክንያቱም ይህ ነው። በመሥመር የሚመጣው ኃይል 220 ቮልት ያለው ተለዋዋጭ ጅረት ሲሆን፥ ኤል ኢ ዲ የሚሠራው በቀጥተኛ ጅረት ነው። በመካከል ሆኖ የሚለውጠው ፓወር ሰፕላይ ወይም ድራይቨር የሚባለው ዕቃ ነው። ጥብጣብ መብራት ቮልቱ በ12 ወይም በ24 የጸና ማቅረቢያ ይፈልጋል፤ ብዙው የአዳራሽ መብራት ግን ጅረቱ የጸና ድራይቨር ይፈልጋል። አንዱን በሌላው ቦታ መተካት መብራቱን ለጥፋት መስጠት ነው።

ስለ መጠኑም እንናገር። የመብራቶቹ ድምር 60 ዋት ቢሆን፥ 75 ዋት የሚችል ማቅረቢያ መግዛት ይገባል፤ ዘወትር እስከ አቅሙ ዳርቻ የሚሠራ ዕቃ በሙቀት ቶሎ ይደክማልና። ዳግመኛም 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር፥ በ24 ቮልት 2.5 አምፔር ይወስዳል። ጅረቱ በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦው እስከ ማድረቂያው አልጋ ድረስ በረዘመበት ስፍራ 24 ቮልት ይሻላል። ውሃ በሚረጭበትም ቦታ አይ ፒ 65 ወይም 67 የሚል ምልክት ያለበትን መምረጥ ያስፈልጋል።

184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አንደኛው ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ በጅማ አቅራቢያ ነው፤ ሆኖም መሥመር ያልደረሰበት ገጠር ገና አለ። በዚያ የፀሐይ ኃይል የሚያጠራቅም ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቢኖር፥ ባለ 12 ቮልት መብራት በመቆጣጠሪያው በኩል መቀጠል ይበቃል። ወደ 220 ቮልት አውጥቶ መልሶ ማውረድ በየመተላለፊያው ኃይልን ማባከን ነው።

የሕዝብን ገንዘብ ለመቆጠብ ርካሹን መግዛት ይሻላል የሚል አይታጣም። ይህ ግን «ቆጥ አወርድ ብላ ብብቷ ያለውን ጣለች» እንደ ተባለው ነው። ቡና በብዛት በገባበት ሌሊት መብራት ቢጠፋ፥ ሳይፈለፈል ያደረው ቡና ጥራቱን ያጣል፤ የገበሬውም የዓመት ድካም በዋጋው ይጎዳል።

ስለዚህ በየዞኑና በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፥ ለማኅበራት ግዥ በምትፈቅዱበት ጊዜ «መብራት» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የማቅረቢያው ቮልት፥ ዋት፥ የጸናው ቮልቱ ወይም ጅረቱ መሆኑና ውሃ የመከላከል ደረጃው በግዥው ወረቀት ይጻፍ፤ አንድ መለዋወጫም ይጨመር። ይህም ከመከር በፊት ይፈጸም።