የኦካቫንጎ ሂሳብ

ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ያለው ማን ነው? እኛ አዋሽን እያየን ያደግን ልጆች እንኳ ይህን አናምንም። ኦካቫንጎም ከአንጎላ ደጋ ይነሳል፤ የናሚቢያን ጠባብ የካፕሪቪ ሰርጥ አቋርጦ ቦትስዋና ይገባል፤ ካላሃሪ አሸዋ ላይ ይዘረጋና እዚያው ያልቃል። ከውሃው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ፀሐይና ዕፅዋት ይወስዱታል።

«እንዲህ ያለ ውሃ ባክኖ ቀረ» የሚል አይጠፋም። እኛ አልባከነም ባዮች ነን። አንጎላ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት የዘነበው ዝናብ ወራት ተጉዞ ዴልታውን የሚሞላው ቦትስዋና ጠብ የሚል ነገር በማታይበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዝሆኑም ጎሹም የሚጎርፈው ለዚህ ነው። ምስጥ ሳይቀር ድርሻ አለው (በቤታችን ጣውላ ስንረግመው የኖርነው ምስጥ!)። ኩይሳው ከውሃው በላይ ብቅ ይላል፣ ዛፍ ይበቅልበታል፣ ውሎ አድሮ ደሴት ይሆናል። ዛፎቹ ውሃ ሲስቡ ጨው ከደሴቱ መሐል ሥር ይጠራቀማል፤ በዙሪያው ያለው ውሃ ግን ሳይመር ይቆያል። ጉማሬ ደግሞ ደንገሉን እየጣሰ ለውሃው መንገድ ይከፍታል።

ዩኔስኮ ዴልታውን እ.ኤ.አ. በ2014 1000ኛው የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ይገባዋል። እኛን የከነከነን ሂሳቡ ነው። ውሃው ከሞላ ጎደል የአንጎላ ነው። አንጎላ ደግሞ ከ1975 እስከ 2002 ስትዋጋ ነበር፤ ወንዙ ግድብና ሰፊ እርሻ ሳይነካው የቆየው ሰው ስለተጠነቀቀለት ብቻ አይደለም፣ ሜዳው ፈንጂ ስለተቀበረበትም ነው። አሁን የላይኛው አገር ገበሬ መስኖና መብራት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? የዓባይ ልጆች ነንና ይህች ጥያቄ አትጠፋንም።

ግን «ውሃው የኔ ነው» ብሎ መገደብም መልስ አይሆንም። ግድብ ጎርፉን ከወቅቱ ያዛባዋል፤ የዴልታውን ቦዮች የሚቀያይረውን አሸዋም ያስቀርበታል። ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994 የጋራ ኮሚሽን አቋቁመዋል፤ ጥሩ ነው፣ ሆኖም ኮሚሽን እራት አይሆንም። ታች ያሉት ሎጆች ለአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ተቆርጦ ወንዙን ሳይነኩ ለሚያሳልፉት የአንጎላ መንደሮች ቢላክ አንድም ሎጅ አይዘጋም።