ምሕረቱ ለእስረኞች እንጂ ለአሰቃዮች አልነበረም

ሰኔ 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ከዱባይ ወደ አስመራ ሲጓዙ በየመን ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዘው ለኢትዮጵያ መንግሥት ተሰጡ። የብሪታንያ ዜጋ ናቸው፤ በ2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። አሳልፎ መስጠቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የመረመረ ፍርድ ቤት ግን አልነበረም። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ የኖርዌይ ዜግነት የነበራቸው የቀድሞው የጋምቤላ ክልል ርእሰ መስተዳድር አቶ ኦኬሎ አኳይ ከደቡብ ሱዳን ታፍነው መጥተዋል። በስደት የሚሠሩ ጋዜጠኞች ኮምፒውተርም የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ ሆኖ ነበር።

ስደተኛን ድንበር ተሻግሮ ያደነ ሥርዓት በእጁ ላለው እስረኛም አልራራም። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ እስር ቤት ሲቃጠል 23 እስረኞች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ አምኗል። ከእሳቱ ከተረፉት ብዙዎቹ ይፋት ቆላ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ተጋዙ። ቃጠሎውን አስነሥታችኋል ተብለው የተከሰሱ ሰዎች፣ እዚያ በድብደባ ቃል እንዲሰጡ መገደዳቸውን ለችሎት ተናግረዋል።

በ2010 ዓ.ም. አቶ አንዳርጋቸውን ጨምሮ ብዙዎች በይቅርታና በምሕረት ተፈቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም እስረኛን ማሰቃየት የመንግሥት የሽብር ተግባር እንደነበረ ለፓርላማ አመኑ። ማመኑ መልካም ነበር፤ ተጠያቂነት ግን ከጥቂት ክሶች አልዘለለም። ውጤቱንም አይተነዋል። መስከረም 2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል የጅምላ እስር ሲጀመር፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ታሳሪዎች ተከማችተውባቸዋል ካላቸው አራት ካምፖች አንዱ ሸዋ ሮቢት ነበር።

የይፋት ሕዝብ በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ሸዋ ሮቢት በታጣቂዎች ጥቃት ሲቃጠሉ ወገኑን ቀብሯል። በፖለቲካ ስም የሚገድል ታጣቂም እንደ አሰቃዩ መርማሪ በሕግ መጠየቅ አለበት። የአንዱ ወንጀል ግን ለሌላው መሸፈኛ አይሆንም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብዓዊ ድብደባ በይርጋም በምሕረትም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የሸዋ ሮቢትን ግፍና ከሰንዓ እስከ ደቡብ ሱዳን የተፈጸመውን አፈና ይመርምር፤ ያዘዘውም የፈጸመውም ይጠየቅ። በጅምላ የታሰሩ ሰዎች በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረቡ፤ አለዚያ ይፈቱ። ውጭ አገር ያለ ተፈላጊም በፍርድ ቤት ውሳኔ ካልሆነ በቀር ተላልፎ አይሰጥ።