ሰበታ ያለው ላቦራቶሪና በዙሪያው ያለው ሕዝብ
ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቋሚ የኮሮና ቫይረሶች ቅኝት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ ሲደረግ፣ አገሪቱ ምርመራውን በራሷ ላቦራቶሪ ማካሄድ ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ከዚያ በፊት በበሽታው የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ እንደነበረ፣ ኢንስቲትዩቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ የራሱን አቅም ገንብቶ ምርመራውን ወደ ሌሎች ተቋማት እንዳስፋፋ የሚታወስ ሲሆን፣ ይህ በአገሪቱ የሕዝብ ጤና ታሪክ ውስጥ ተገቢው ክብር ሊሰጠው የሚገባ ሥራ ነው። ይህ ደብዳቤም የተጻፈው የዚያን ሥራ አንድ ክፍል፣ ማለትም ሰበታ ላይ የተጀመረውን፣ ከወረርሽኙ ጋር አብሮ እንዳይረሳ ለማሳሰብ ነው።

በሰበታ ከተማ የሚገኘውና ዛሬ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራና ጥናት ማዕከል፣ የከብት፣ የበግ፣ የፍየል፣ የዶሮና የግመል በሽታዎችን እንዲመረምር የተቋቋመ ሆኖ ሳለ፣ በ2012 ዓ.ም. የሰው ናሙና ተቀብሎ ለኮሮና ቫይረስ እንዲመረምር ከተመረጡት ላቦራቶሪዎች አንዱ ነበር። ለምርጫው በቂ ምክንያት ነበረው። ፒሲአር የሚባለው የምርመራ ዘዴ፣ በናሙናው ውስጥ ያለውን እጅግ ጥቂት የቫይረስ ዘረ መል ደጋግሞ በማባዛት በመሣሪያ ሊታይ ወደሚችልበት መጠን የሚያደርስ በመሆኑ፣ ከታመመ ፍየል አፍንጫ በተወሰደ ናሙናም ሆነ ከሰው ጉሮሮ በተወሰደ ናሙና ላይ አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ነው። በሁለቱም ሥራ ላይ ባለሙያው ናሙናውን ከአደጋ በሚከላከል የመሥሪያ ሳጥን ውስጥ ይከፍታል፣ ዘረ መሉን ከሌላው ንጥረ ነገር ይለያል፣ ከዚያም በማሽኑ ውስጥ እያሞቀና እያቀዘቀዘ አርባ ጊዜ ያህል ያባዛዋል። ለበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ በዚህ ዘዴ ሲሠራ የኖረ እጅ፣ የሚፈለገውን ቫይረስ የሚለየው የምርመራ ግብዓት ከተቀየረለት፣ ኮቪድን ለመመርመር አዲስ ሙያ መማር አያስፈልገውም።

የእንስሳት በሽታ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ኢትዮጵያ ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን የጀመረው ከውጭ በገባ የከብት ደስታ በሽታ ሲሆን፣ በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆሞ ሕዝቡ በረሃብ አልቋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀላት፣ በየአካባቢው ደም እየቀዱ ሲመረምሩ በኖሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ድካም ነው።

ኮሮና ቫይረሶችም ከእንስሳት ርቀው የሚታዩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ የታወቀውና ሜርስ የሚባለው ኮሮና ቫይረስ ዋና መኖሪያው ግመል ሲሆን፣ በበሽታው መያዛቸው ከተመዘገበ ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በ2010 እና በ2011 ከኢትዮጵያ ግመሎች የተወሰደውን ደም መርምሮ፣ ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ የዚህን ቫይረስ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውንና ቀደም ሲል መያዙን የሚመሰክረውን ፕሮቲን፣ አግኝቷል። ይህ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በኢትዮጵያ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ሲመረጡ የተለዩት አምስቱ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ ነበሩ። እነዚህ በየዕለቱ ሰውና ከብት የሚጎዱ በሽታዎች በመሆናቸው ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ኮሮና ቫይረሶች ከዝርዝሩ ውጭ መቅረታቸው የኋለኛው ዘመን እንዳሳየው ዋጋ የሚያስከፍል ነው።

ለኮሮና ቫይረሶች ቅኝት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የተለየ ትኩረት የሚሹት፣ የሰውም የእንስሳትም መንገድ በእነርሱ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ነው። ከጎጃም የሚመጣው ሠንጋ በሱሉልታ፣ ከወለጋ የሚመጣው በቡራዩ፣ ከጅማ የሚመጣው በሰበታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይገባል፤ የሱሉልታና የሰበታ ወተት በየማለዳው ለከተማው ይቀርባል፤ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ፣ ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል ሰበታ የሚመላለሰው ሚኒባስ ታክሲ ደግሞ ሌሊቱን አንድ ክልል ውስጥ ያደረ ሠራተኛ ቀኑን በሌላ አስተዳደር ውስጥ እንዲውል ያደርጋል። በ2012 ዓ.ም. ግን በየዕለቱ የሚወጣው መግለጫ የሕሙማንን ቁጥር የሚደለድለው በክልልና በከተማ አስተዳደር ነበር። ታክሲዎች የተሳፋሪያቸውን ቁጥር በግማሽ እንዲቀንሱ ሲታዘዝ፣ ክልሎችም የሕዝብ ትራንስፖርት ሲገድቡ፣ መርካቶ ውሎ ቡራዩ ለሚያድር ሰው ትእዛዙ ከሁለት ወገን የሚመጣ ሲሆን፣ ስለ ሕመሙ የሚሰበሰበው መረጃ ግን በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል ይከፈል ነበር። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር መጠቃለላቸው አስተዳደራቸውን አንድ ቢያደርግም፣ የዕለት ኑሯቸውን ከአዲስ አበባ አልለየውም።

መረጃ እንዲህ ሲከፈል ምን ያህል ሊታለፍ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት በአገር ውስጥ ተሠርቷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የሆስፒታል ሠራተኞችን ደም በተለያየ ጊዜ ሲመረምሩ፣ አንቲቦዲ የተገኘባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከነበሩበት 10.9 በመቶ በየካቲት 2021 ወደ 53.7 በመቶ አድገዋል፤ በዚያው ወቅት በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ገና 200 ሺህ አልሞሉም ነበር። የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ለቫይረሱ የተጋለጠ በመሆኑ አኃዙን እንዳለ ወደ መላው ሕዝብ መውሰድ ስሕተት ቢሆንም፣ በሽታው በይፋ ከተቆጠረው እጅግ አልፎ መሰራጨቱን ግን ማንም ሊክደው አይችልም። በሰበታ ፋብሪካዎች ተጠጋግተው የሚሠሩ ወጣቶች፣ በሱሉልታ ላም የሚያልቡ እናቶች፣ በቡራዩ መነኸሪያ የሚውሉ ረዳቶች ምን ያህል ተይዘው እንደነበር በዚህ ዓይነት ተደጋጋሚ ጥናት ሊታወቅ ይገባው ነበር። ሰዎቹ ስማቸው ከቁጥሩ ውስጥ ባይታይም በሽታውን ግን ታመውታል፣ አንዳንዶቹም ሞተውበታል፤ ይህንን ሳያውቁ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ መዘጋጀት ይቻላል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ ከእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ጋር በችግር ቀን የጀመረውን ትብብር በቋሚ ስምምነት እንዲያጸናው ይጠየቃል። ስምምነቱ ማን ናሙና እንደሚሰበስብ፣ ማን ወጪውን እንደሚሸፍን፣ ውጤቱም በስንት ቀን ለሁለቱም ወገን እንደሚደርስ በግልጽ ካልወሰነ፣ መሣሪያው በቦታው እያለ የምርመራ ግብዓት አልቆ የሚቆም ሥራ ይሆናል። የመጀመሪያው ተግባር በሦስቱ ከተሞች ከሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በሳንባ ምችና በከባድ ጉንፋን ከሚታከሙ ሰዎች፣ ከወተት ላሞችና በገበያ ከሚያልፉ እንስሳትም ጭምር በየጊዜው ናሙና ወስዶ ጎን ለጎን መመርመር ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ዛሬ ተራ ጉንፋን ከሚያስይዙት ኮሮና ቫይረሶች አንዱ ከከብት ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ስለሚገምቱ፣ የወተት አካባቢን መምረጥ ያለ ምክንያት አይደለም።

ውጤቱ በክልል ድምር ውስጥ ሳይዋጥ ለየከተማው ተለይቶ እንዲወጣ፣ ናሙና የሰጡት ነዋሪዎችም በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ እንዲነገራቸው አደራ ይባላል። ናሙናውን የሰጠ ሰው ምን እንደተገኘበት የማወቅ መብት አለው፤ ከዚያም በላይ፣ ለሚቀጥለው ጥናት በሩን የሚከፍተው ያለፈው ጥናት ውጤት የደረሰው ሰው ነው።

ኢንስቲትዩቱ ይህንን ጥያቄ መርምሮ ከሸገር ከተማ፣ ከኦሮሚያና ከአዲስ አበባ የጤና ቢሮዎች እንዲሁም ከእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲመክርበት፣ የደረሰበትንም ውሳኔ ለሦስቱ ከተሞች ነዋሪዎች በይፋ እንዲያሳውቅ በታላቅ አክብሮት ይጠየቃል።