«ቀጥታ አድርግልኝ»

አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ምጣዱ አልግል ሲል ቤት ይተራመሳል። ሊጥ ነገ ተመለስ አይባልም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ነቀምቴ ይሁን ጊምቢ፣ ኡኬ ይሁን ሻምቡ፣ በየሰፈሩ «መብራት ያውቃል» የሚባል ልጅ ይጠራል። ልጁ ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ ይመጣል፣ ምጣዱን ይገለብጣል፣ ሽቦውን ይነካካል። ነገሩ ከረዘመ መፍትሔውን የቤቱ ሰው ራሱ ይነግረዋል፦ «ቀጥታ አድርግልኝ!»

ቀጥታ ማድረግ ማለት ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ሲብስም ብሬከሩን ዘሎ ሽቦን ከሽቦ ማሰር ነው። ይህ ሥራ ጥገና ተብሎ ገንዘብ ይከፈልበታል። የሚያስገርመው፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በሆነችው፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ባላት ነቀምቴ ጭምር ልማዱ እንደ ብልሃት መታየቱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከፍተሻው ነው። የአብዛኛው ልጅ መሣሪያ ጫፏ ላይ ትንሽ መብራት ያላት ቴስተር ናት። ሶኬቱ ውስጥ ትገባለች፣ ትበራለች፣ «መብራት አለ» ይባላል፤ ጥፋቱም ወዲያው በምጣዱ ይላከካል። ቴስተር ግን የምትናገረው ፌዙ መኖሩን ብቻ ነው። ኒውትራሉ ከተበጠሰ፣ ወይም ስፒናው ተቃጥሎ መገናኛው ከላላ፣ ቴስተሯ እየበራች ምጣዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም ኒውትራል ሲበጠስና ሌላ ዕቃ ተሰክቶ ሲገኝ ቴስተሯ በሁለቱም ቀዳዳ ልትበራ ትችላለች። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ምጣድ ፈቶ የቀረውን ቀን ያባክናል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ደግሞ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። የቤቱ አምፖል ፈዟል? የጎረቤትስ? ስፒናው ቡናማ ሆኗል፣ የላስቲክ ሽታ አለው? ከዚያ በኋላ ነው ስፒናው ከሶኬቱ ተነቅሎ መልቲሜትር የሚያዝ። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በጤናው 14 ኦም ገደማ ያሳያል፤ መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሽቦውን የሸፈነውን ጀሶ መፍለጥ ቢመጣ ማንም አይቃወምም።

የተበጠሰውን ሽቦ መቀጠልም ሌላው ጉድ ነው። በሸክላው ቦይ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ኒክሮም ነው፤ አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ በ1906 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። ለዓመታት ሲግል የሚኖረው ላዩ በክሮሚየም ኦክሳይድ ስለሚሸፈን ነው። ሁለቱን ጫፍ በፒንሳ ጠምዝዞ ወይም በመዳብ ሽቦ አስሮ መመለስ ለጥቂት ጋገራ ያገለግላል። የተጠመዘዘው ቦታ ግን መገናኛው ደካማ ስለሆነ ከሌላው በላይ ይግላል፤ ዳግመኛም እዚያው ይበጠሳል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይመጣል። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ሸክላና ጀሶ እርጥበት ይጠጣሉ። በረጠበ ጀሶ ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ምጣዱ አካል ይሾልካል፣ ምጣዱ «ይነዝራል»። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ኮንጎ ጫማ ነው! ጋጋሪዋ ፕላስቲክ ጫማ ተጫምታ፣ አንዳንዴም ጣውላ ላይ ቆማ ትጋግራለች፤ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ግን ከስፒናው ውስጥ ተቆርጦ ከወጣ ቆይቷል። ማብሪያ ማጥፊያው ቢጠፋ እንኳ ዋስትና የለም፤ ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ ማጥፊያ ፌዙን ሽቦው ላይ ይተወዋል። ሲነዝር የነበረን ምጣድ ቀጥታ ማድረግ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው።

ተጠቃሚው በመብራቱ ላይ ያለው ምሬት መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያመነጭ የኖረው እዚያው ወለጋ ምድር ላይ ነው፤ ዛሬ አቅሙ 134 ሜጋ ዋት ነው። ከትራንስፎርመር የራቀ፣ በቀጭን ሽቦ የተያያዘ፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ የሚጋራ ግቢ ከዚያ ሁሉ የሚደርሰው የደከመ መብራት ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይሆናል።

ቀጥታ የማድረግ ልማድ ስር የሰደደውም በዚሁ ድካም ምክንያት ነው። ከሰዓት በኋላ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 170 ወረደ እንበል። ባለ 3,500 ዋቱ ምጣድ የሚሰጠው ወደ 2,090 ዋት ብቻ ይሆናል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ላይ ይለጠፋል። ምጣዱ አልታመመም። ልጁ ግን «ሽቦው ደክሟል» ብሎ ከጥቅሉ አንድ አራተኛውን ይቆርጥና የቀረውን ስቦ ቦዩን ይሞላዋል። ሽቦው ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ በዚያው 170 ቮልት ሙቀቱ ወደ 2,790 ዋት ያድጋል። እንጀራው ይወጣል፤ ልጁ ይመሰገናል፣ ይከፈለዋል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ጋገራውን ይጨርስና ቮልቴጁ ወደ 220 ይመለሳል። ሽቦው ያጠረው ምጣድ አሁን ወደ 4,670 ዋት፣ ማለትም 21 አምፒር ይስባል። ከፍሪጁና ከአምፖሉ ጋር ተደምሮ የቤቱ ባለ 16 አምፒር ዋና ብሬከር ጥቂት ታግሶ ይወድቃል። ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ሊጡ ገና አላለቀም። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠራል፤ ይህን ጊዜ ምጣዱን ማንም አይገለብጠውም፣ ብሬከሩ በመዳብ ሽቦ ይዘለላል። ጠዋት ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሮ ሲገኝ የግቢው ሰው ተሰብስቦ መብራት ኃይልን ይራገማል።